ለሥልጠና የተፈጠሩ ሰው

ነይ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ... ያቺን ወንበር ተያት፣ አንድ እግሯ መሬት ስለማይነካ የተቀመጠባትን ሁሉ ታወዛውዛለች። ይቺኛዋን ሳቢ። ጸጉርሽን ተሠርተሽ ነው? አማረብሽ! እኔማ ጠመኔው ከላይ እየረገፈብኝ፣ ሽበቱ ከሥር እየበቀለብኝ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይልኝ ሰው አጣሁ። ልጅሽን ሳሉ ተሻለው? እሰይ። ሻይ ልቅዳልሽ? ቀዝቅዟል፣ ግን ስኳሩ በዝቷል፤ አንዱ ባንዱ ይካካሳል።

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ምን ተገኘ አትዪኝም? ለካ ሰልፉ ላይ አልነበርሽም! እንግዲያው የምሥራቹን ከኔ ስሚ። ያ የባዮሎጂ መምህራን ሥልጠና የለም? ያ ማይክሮስኮፕ በእጅ እየነኩ፣ ስላይድ በእጅ እያዘጋጁ የሚሠለጥኑበት... ከኛ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ይሂድ የተባለው... ይኸው ጠዋት ዳይሬክተሩ ተናገሩ። የሚገባው ሰው ተመረጠ።

እኔ? ኧረ በሞቴ አታስቂኝ! እኔ ማን ነኝ? እኔ እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ባዮሎጂ የማስተምር ተራ ሰው ነኝ። ሥልጠና ለሚያስተምር ነው ያለሽ ማን ነው?

ቀስ በይ፣ ወደ መስኮቱ አትዪ። እዚያ ጋዜጣ ዘርግተው የተቀመጡትን ሰው አንረብሻቸው፤ ደክሟቸዋል። ስለ እሳቸው አይደለም የማወራው፣ ፈጽሞ! እኔ የማወራው ስለ አንድ ሌላ የማውቃቸው ሰው ነው... የትምህርት ክፍል ኃላፊ ናቸው፣ ደግ ናቸው፣ ሥልጠና ይወዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም፣ አይደል?

አየሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ከሥልጠና ሲመለሱ "የሚቀጥለው ያንቺ ነው" ብለውኝ ነበርና አመንኩ። ደግሞስ ምን ዋሹ? እውነታቸውን እኮ ነው! የሚቀጥለው የኔ ነው። ሁልጊዜም የሚቀጥለው የኔ ነው። ይኼኛው ነው የሳቸው። እኔ ቂሏ ግን የሻንጣዬን ዚፕ አሠራሁ። ባሌን ሩዝ መቀቀል አሠለጠንኩት፤ በቤታችን ታሪክ የተሰጠ ሥልጠና እሱ ብቻ ነው፣ አሳርሮት ስላስቀመሰኝ ሰርተፊኬቱን ከለከልኩት እንጂ። እናቴማ "ልጄ ልትሠለጥን ነው" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። አሁን ደውዬ ምን ልበላት? ሠልጥኜ ጨረስኩ ልበላት መሰለኝ።

ደግሞ ሐቁን እንነጋገር። እኔ ብላክ ምን ልሠራ ነው? ሥልጠና እኮ ችሎታ ይጠይቃል! የትኛው ወንበር ለማራገቢያው ይቀርባል፣ መቼ ነው ራስን የሚነቀንቁት፣ የቡድን ፎቶ ሲነሳ መሃሉን እንዴት ነው የሚይዙት... እኔን ሰው ፎቶ ሲያነሳኝ እንኳ ዐይኔን እጨፍናለሁ። እሳቸው ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። ሲሾም ያልሠለጠነ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? እንደዚህ አልነበረም እንዴ ተረቱ? ይቅር በይኝ፣ እኔ ተረት አደባልቃለሁ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ብለውን በእግሩ እስኪሄድ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ የሰው እንቁላል በአውሮፕላን ሄዶ ተመለሰ።

ቢሯቸው ገብተሽ ታውቂያለሽ? ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ የሰው ልብ ሥዕል ነበር፣ ከነደም ሥሩ። አሁን ሰርተፊኬቱ በዝቶ ቦታ ስለጠፋ በላዩ ላይ ሰቅለውበታል። ልቡ ከሥር አለ... አይታይም እንጂ።

ሲሄዱ ክፍላቸውን ማን ይይዝላቸዋል አልሽ? እኔ ነኛ! ሲመለሱም አልሰጠኋቸውም። እሳቸው መልሺ አላሉ፣ እኔም ስግብግብ ስለሆንኩ ይዤው ቀረሁ። ይኸው እስካሁን የሳቸውን ክፍል አስተምራለሁ። ምን ዓይነት ጥጋብ ነው በይኝ፣ የሰው ክፍል ይዞ አልጠግብ ማለት?

ግን ወረታቸውን አልረሳም። መቼም እዚህ ቤት ወጉ አንድ ሰው ሠልጥኖ ሲመጣ ለቀረነው ማካፈል ነው። አምና ስለ ማይክሮስኮፕ ሠልጥነው፣ አንድ ማይክሮስኮፕም ለትምህርት ቤቱ ተሸልመው መጡና ላብራቶሪ ሰበሰቡን። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ቀረብሽ፣ አይ ያመለጠሽ! ሽንኩርት ቆረጡ፣ መስታወቱ ላይ አደረጉ፣ ውኃ ጠብ አደረጉ፣ ስሷን መክደኛ መስታወት ጠፍ አድርገው ከደኑ፣ ተሰለፍን።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ማይክሮስኮፑ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ነበር፤ ከሳይንስ በደንብ አድርጌ ያየሁት ከፊቴ የተሰለፈውን ልጅ ማጅራት ነው። ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ ሲሉ ትሰሚያለሽ አይደል? እኔ ደግሞ ሳላይ ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። እና ተራዬ ሲደርስ እንዴት እንደቸኮልኩ! ዐይኔን ብደቅነው ጥቋቁር ክር የመሰለ ነገር ታየኝና "ሥሩ! ሥሩ ታየኝ!" ብዬ ጮህኩ። የራሴ ሽፋሽፍት ነው ለካ። ከዚያ አየኋት... ክብ፣ መሃሏ የሚያበራ፣ ዙሪያዋ ኩል የተኳለች የመሰለች። "ሴል ማለት ይቺ ናት" አሉ እኚያ ሰው። ኧረ ስታምር! ሳልኳት። ሁላችንም ሳልናት። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል አይደል? ፈረድኩ።

በማግሥቱ እንደሳቸው አድርጌ ለተማሪዎቼ አዘጋጀሁ። አዬ ጉዴ! ሴሏ ከመሃል ተነስታ ጥግ ሄዳለች። ምን ብል ጥሩ ነው? "ልጆች፣ ሕያው ነገር ይንቀሳቀሳል!" አልኳቸው። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ተማሪ በእርሳሷ ጫፍ መስታወቱን ጫን ብታደርገው አንዷ ሴል ሁለት ሆና ቁጭ! "የሴል ክፍፍል!" ብዬ ጮህኩ፣ እጄን አጨበጨብኩ፣ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እህቴ፣ ሴል በእርሳስ የከፋፈለች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ይኼን ለዓለም ሳላካፍል ብሞት ይቆጨኛል።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ። እኔ ማንም አወቅሽ ሳይለኝ ስላይዱን አጠብኩ። ካጠብኩት በኋላ እስቲ ብዬ ባዶ ውኃ ጠብ አድርጌ ከደንኩና ባይ... ያቺው ናት! ክቧ፣ የተኳለችው። ሽንኩርት የለ፣ ምን የለ፣ የሽንኩርት ሴል አለች። አረፋ ናት። መክደኛው ጠፍ ተደርጎ ሲከደን ከሥር የታፈነች አየር። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሲስላት የከረመው አየር ነው።

ታች ያለ ላይ ያለውን ማረም ነውር ነውና በትሕትና ሄድኩ። "ጌታዬ፣ ሽንኩርት ሳይኖር የሽንኩርት ሴል ታየችኝ፣ ምን ይሆን?" አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ... ጠረጉት... መልሰው አደረጉት። "ውኃ ሕይወት ነው" አሉኝና ስብሰባ ገቡ። እንዴት ያለ ጥልቅ ነገር ነው! እኔ ደንቆሮዋ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። አንቺ ገባሽ?

ምን ተንኮሻኮሸ? ጋዜጣው ነው? ንፋስ ይሆናል። መስኮቱ ዝግ ነው አልሽ? እንግዲህ አየር መቼም የማይገባበት የለም...

አሁን ይኼን የምነግርሽን ግን በቀልድ አትያዢብኝ። ክፍል ተመልሼ "ልጆች፣ ያየነው አየር ነው፣ የተከፈለውም አየር ነው፣ ያጨበጨብነውም ለአየር ነው" አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያቺ ባለ እርሳሷ ግን አልሳቀችም። እጇን አወጣችና "እሺ ቲቸር፣ እውነተኛው ሴልስ ምን ይመስላል?" አለችኝ። "መጽሐፋችሁ ላይ እንዳለው" አልኳት። "መጽሐፉንማ እኛም አይተነዋል" አለችኝ። በስድብ አልነበረም እኮ፣ በቅን ልቧ ነው። አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ሽንኩርት ጨረስኩ መሰለሽ! ያቺን ስስ ገለፈት ልላጥ ስል ግማሹን ሽንኩርት ይዛብኝ ትመጣለች። ቀለም ጠብ አደርጋለሁ፣ ሁሉም ነገር ድፍን ሰማያዊ ይሆናል። መክደኛውን ቀስ ብዬ ላሳርፍ ስል እጄ ላይ ይሰበራል። ባሌ ከትምህርት ቤት ስመለስ እያለቀስኩ እንደሆነና እንዳልሆነ መለየት አቅቶታል፤ ሽንኩርቱ ነው እለዋለሁ። አንዳንዴ ሽንኩርቱ ነው። መጽሐፍ ይኼን አይነግርሽም፣ የእጅ ነገር ነው፤ አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ቆሞ "እንዲህ ያዢው፣ እንዲህ አዘንብይው" ማለት አለበት። ይኼ ሥልጠና እኮ ለዚህ ነበር! ዘንድሮ ደግሞ የተግባር ፈተናውን ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚመጡ ፈታኞች ናቸው የሚፈትኑት። ሽንኩርት ይሰጧቸዋል፣ አዘጋጅታችሁ ያያችሁትን ሳሉ ይሏቸዋል። ልጆቼ ምን ሊስሉ ነው? ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር፣ አንድ ዓይነት የተኳለ አየር?

ይኼንኑ ዛሬ ከሰልፍ በኋላ እኚያን ሰው ለመንኳቸው። እኔ ለምኜ አላውቅም፣ ታውቂያለሽ። "ፈተናው ስለደረሰ ነው፣ ለኔ ብለው ሳይሆን ለልጆቹ ብለው ይኼን አንዱን ይልቀቁልኝ" አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"አንቺ ምን አስጨነቀሽ፣ እኔ ሄጄ አካፍልሻለሁ።"

አየሽ ደግነት? ድሮ የተማረ ይግደለኝ ይባል ነበር። ለኔ ቢጤዋ ግን የተማረ ምን በወጣው፣ የሠለጠነ አለልኝ።

ተይ አትቆጪልኝ። አንቺ ስትቆጪ ነገሩ የምር ይመስልብኛል። እኔ እኮ ተጽናንቻለሁ። ደግሞ የሚያስደስት ነገር ልንገርሽ? የመጨረሻዋ ልጃቸው በመጪው ዓመት እኛ ጋ ልትመጣ ነው። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ስለ እሷ ሲያወሩ ፊታቸው ሁሉ ይበራል፣ እውነቱን ለመናገር ያኔ በጣም ነው የሚወደዱት። ሐኪም ነው መሆን የምትፈልገው አሉ። ጎበዝ ናት፣ ጠያቂ ናት፣ ባዮሎጂ ነፍሷ ነው። "ለአንቺ ነው የማስረክባት" ብለውኛል። እኔስ? እኔማ አልመጥናትም፣ ያልሠለጠንኩ ሰው! የሐኪም ልብ ያላትን ልጅ አምጥቶ ሽፋሽፍቷን ከሽንኩርት ሥር ለማትለይ ሴት ይሰጧል እንዴ?

ደወሉ ነው? በይ ልነሳ፣ የሳቸው ክፍል ይጠብቀኛል... የኚያን ሰውዬ ማለቴ ነው። ጋዜጣ የሚያነቡትን በእግርሽ እንዳትነኪያቸው፣ ቀስ ብለሽ እለፊ።

ሰው ላይ ክፉ ማሰብ አልወድም፣ ስለዚህ መርቄያቸው ልሂድ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የሚሄዱበት መንገድ ይቅናቸው፣ ሻንጣቸው አይጥፋ፣ በፎቶውም መሃል ያውላቸው። ለዚያች ለልጃቸው ደግሞ... በእናት አንጀቴ ነው የምመርቃት... ፈጣሪ ልክ እንደ አባቷ ያለ አስተማሪ ይስጣት።