ከቢላዋው በፊት ጥቂት ደም

«እትዬ መርፌ ከሄዱ እኮ ዓሦቹም እፎይ ይላሉ!»

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን የሰማሁት አሁን ስገባ በሩ ላይ ነው። ለአስተያየቱም፣ አዳራሹን ለስንብቴ ብላችሁ ስላሰናዳችሁም ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሩን አሰብኩበት። የዓሣ ጭንቀት ደሟ ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ከመሄዴ በፊትና ከሄድኩ በኋላ ደማቸውን ቀድቶ ማወዳደር ነው። ችግሩ፣ ደም የምቀዳው እኔ ነኝ። በቦታዬም ሰው እንደማይቀጠር ተነግሮኛል።

ለአዲሶቹ ሥራዬን ላስረዳ። የምንሸጠው እንቁላል የሚወጣው የእናት ዓሣዋ ሆድ ተቀዶ ነው፤ መድረስ አለመድረሱ ግን ከውጭ አይታወቅም። ሆዷ ቢነፋ ቀለብ ይሆናል፣ ስብ ይሆናል። እንቁላል መያዝ ስትጀምር ግን ጉበቷ ለአስኳሉ የሚሆን ፕሮቲን ይሠራል፤ ያኔ ደሟ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ይላል። ከጭራዋ ሥር ጥቂት መቅዳት፣ መለካት፣ ካልደረሰች ወደ ኩሬዋ መመለስ። ሳትደርስ የተቀደደች ዓሣን ግን ወዴት ትመልሷታላችሁ?

ተሳስቼ አላውቅም አልልም። ቁጥር አርባ አንድን ሦስት ዓመት ሙሉ «ዘግይታለች» እያልኩ ጻፍኩ። የኩሬዎቹ ኃላፊ ጋሼ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ዓሣ ምን ነካት?»

«ትንሽ ጊዜ እንስጣት፣ ጋሼ።»

ሰጠናት። ወንድ ነበር። ሦስቱም ሪፖርቶች ከምስጋና ጋር ጸድቀዋል።

ጋሼ በእጃቸው ነው የሚያምኑት። ሆዷን ጫን ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይከድናሉ፣ «ደርሳለች» ይላሉ። ከአሥር ስድስቱን ያገኛሉ። እኔ ሳንቲም ወርውሬ አምስት አግኝቻለሁ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ በኮንትራት ተመልሰዋል፤ እጃቸውን የሚተካ አልተገኘም።

ግን በእሳቸው ልፍረድ? መለኪያው ያለው ዋናው ላቦራቶሪ ነው። ደሙ በሣጥን ታሽጎ ይሄዳል፣ እዚያ ፊርማ ይጠብቃል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ውጤቱ ሲመጣ ዓሣዋ ከተቀደደች ሳምንት አልፏታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የሌሉ ዓሦች መቼ እንደሚደርሱ በትክክል ስናገር ኖሬያለሁ።

ባለፈው ወር ግን ጋሼን ለመንኳቸው። ስምንተኛው ኩሬ ውስጥ ስድሳ እናቶች አሉ፤ የጣት ጥፍር ከሚያህሉበት ጀምሮ የማውቃቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህን እንኳ ውጤቱ እስኪመጣ ይተዉልኝ። የስንብት ስጦታዬ ይሁን።»

«ካልደረሱስ?»

«ዓመት ይጠብቃሉ።»

«እሺ፣ አንቺ ልጅ። ደሙ እስኪናገር አልነካቸውም።»

ስድሳ ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም ልጅ ነኝ። ስድሳውንም በአንድ ቀን ቀዳሁ። ወገቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ይህን በሰው ፊት መናገር እፈልጋለሁ። ከላይ ስልክ ሲደወል፣ እንቁላሉን የሚወስደው የማቀዝቀዣ መኪና በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ሲነፋ፣ «የእትዬ መርፌ ወረቀት ይምጣ» ብለው መለሱት። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ቢላዋ ደምን ሲጠብቅ ያየሁት ይህን አንድ ጊዜ ነው። ከዛሬ ወዲያ ግን መታገስ አይችሉም፤ መኪናው ነገ ጠዋት ይመለሳል።

እንግዲህ ልሰናበት። ጤናችሁን አይንሳችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። የደከማችሁበት ሁሉ በጊዜው ይድረስላችሁ፤ ሳይረፍድ የሚሰማችሁ ሰው አትጡ።

የላቦራቶሪው ወረቀት ዛሬ ረፋዱ ላይ ደርሶኛል። ስድሳውም ናሙና መንገድ ላይ ሞቆ ስለተበላሸ አልተለካም።