የኤርጃቦ ቤት ፈረስ ምልክት

አቶ ኤርጃቦ ገበያ ሲወጡ ሞርሲቶ ከተማ በሙሉ ያውቃል። ጨው ለመግዛት እንኳ ቢሆን ፈረሳቸውን ዳማውን ሳያስከትሉ አይወጡም። አይቀመጡበትም ደግሞ፤ ሰው እንዲያየው በልጓሙ ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። በጥልፍ ያጌጠውን የጀርባ ልብሱን፣ ግላሱን፣ ወደ ታፋው ሰብሰብ ያደርጉታል። ምክንያቱን የማያውቅ አልነበረም፤ ከጋማው ግርጌ፣ ትከሻው ላይ፣ መዳፍ የምታህል ነጭ ጠጉር ነበረች። እሷ እንድትታይላቸው ነው።

"የኤርጃቦ ቤት ፈረስ ሲጎለምስ ምልክቱን ያወጣል" ይባላል በአካባቢው። የአጎታቸው ፈረስ ምልክቱ ነበረው፤ በትልልቅ ሰዎች ለቅሶ ላይ ሲጋልብ አገር ያየው የአባታቸው ፈረስም ነበረው። አቶ ኤርጃቦ ይህን ሲናገሩ አንገታቸው ራሱ ይረዝማል። እኛም አንፍረድባቸው፤ በቤቱ የማይኮራ ሰው በምን ይኮራል?

ያን ቀን ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ጣቢታን ድንገት አገኟት። ጣቢታ የጎረቤታቸው የወንጌላዊ ሲላስ ልጅ ናት፤ ተምራ የእንስሳት ሐኪም ሆና ወደ ወረዳዋ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። በሆሳዕና ከተማ በሚደረገው የክልሉ የፈረስ ትርኢት ላይ ለሚሳተፉ የሚሻ ወረዳ ፈረሶች ምርመራ የምታደርገው እሷ ናት።

"አባባ ኤርጃቦ፣ እንደምን ዋሉ? እማማ ገነቴ ደህና ናቸው?" አለች ዝቅ ብላ እጅ እየነሳች።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችን ደህና ነን። ዳማውን ላንቺ ላሳይ እመጣለሁ ስል አንቺው መጣሽልኝ። በይ እይው! እሱ እንደሆነ መታየት አይሰለቸውም።"

ጣቢታ ጥርሱን አየች፤ እግሩን አንስታ ሰኮናውን ዳሰሰች፤ "ግሩም ፈረስ ነው" አለች። አቶ ኤርጃቦ ፈገግ አሉ። ከዚያ እጇን ነጯ ጠጉር ላይ ስታሳርፍ ዳማው ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ሸሸ። ጠጉሩን ገለጥ ስታደርገው መሐሉ ላይ ቆዳው ተልጦ እርጥብ ቁስል ወጥቶበታል።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዳማው በዚህ ቁስል ዘንድሮ መሳተፍ አይችልም።"

አቶ ኤርጃቦ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እንደማትቀልድ ሲገባቸው ፊታቸው ዳመነ። የወረዳው ሽማግሌዎች የሚሻ ፈረሰኞችን ከፊት ሆነው እንዲመሩ የመረጧቸው እሳቸውን ነው፤ አስተዋዋቂው መጀመሪያ የሚጠራው የእሳቸውን ቤት ስም ነው። ዘንድሮ ካልተጠራ ሰው ምን ይላል?

"ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው? በሕይወቱ ፈረስ ላይ ወጥቶ ያውቃል?"

"ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከዶዮገና የተመረጡ ፈረሰኞች ከሐኪሞች ጋር ተቀምጠው ነው ያወጡት። ፈረሱ ዕድሜው ለመጋለብ የደረሰ፣ ክትባት የወሰደ፣ ጀርባውና አፉ ላይ ቁስል የሌለበት ይሁን ነው የሚለው።"

"ይህ እኮ ቁስል አይደለም!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ይህ ምልክት ነው። አንዳንዴ ይከፈታል፣ መልሶ ይሽራል። አንቺ ሳትወለጂ የነበረ ነገር ነው።" ሲናደዱ እንደ ልማዳቸው ወደ ሀዲይኛ ገቡ፤ እዚህ የማንጽፈውንም አንድ ሁለት ነገር ተናገሩ። ጣቢታ አንገቷን ደፍታ ጨርሰው እስኪተነፍሱ ጠበቀች።

"እውነት ነው፣ እኔ ብዙ ያላየሁት አለ" አለች። "እንግዲያው ያስተምሩኝ። ኮርቻውን ማየት እችላለሁ?"

ኮርቻውን ልይ የሚልን እንግዳ መመለስ ለአቶ ኤርጃቦ ነውር ነው። ቢቆጡም ይዘዋት ወደ ቤት ሄዱ።

ወይዘሮ ገነቴ ከቡላ የተሠራ፣ ቅቤ የጠጣ አተካና አቀረቡላቸው። ኮርቻው ከእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የነሐስ ጌጡ ያበራል። የአቶ ኤርጃቦ አያት ያሠሩት ነው። በዚያ ቤት ፈረስ ይቀያየራል እንጂ ኮርቻ አይቀየርም፤ ልጅ ከአባቱ የሚረከበው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

"አባባ፣ ፈረሶቹ ምልክቱን ይዘው ነው የሚወለዱት?" አለች ጣቢታ።

"የለም፤ አልኩሽ እኮ፣ ሲጎለምሱ ነው የሚያወጡት።"

"ከቤትዎ ፈረሶች ያላወጣ ኖሮ ያውቃል?"

"አንዲት ብቻ!" አሉ፤ ይህን ታሪክ ስለሚወዱት ቁጣቸው በረደላቸው። "የዳማው እህት ናት። ገና ኮርቻ ሳይጫንባት ለዶዮገናው አማቼ ለሆሴዕ ሰጠኋት። ይኸው እስካሁን ጀርባዋ እንደ ተወለደች ነው! 'ምልክታችን በሰው ቤት አይወጣም' እያልኩ ስንት ዓመት ሳቅኩበት መሰለሽ።"

"ጓሮ ያለው ጥቁሩ ፈረስስ?"

"እሱ ገና ነው። ሰውነቱ ሞልቶ ምልክቱን አላወጣም፤ ተስፋ ቆርጬበታለሁ። ሆሳዕና ወስጄ ለጋሪ ልሸጠው ነው።"

"ኮርቻ ጭነውበት ያውቃሉ?"

"ዳማው እያለ የአባቴን ኮርቻ በሌላ ፈረስ ላይ?"

ጣቢታ ዓይኗን ወደ ኮርቻው አነሣች። አቶ ኤርጃቦ ለመጉረስ ያነሱትን እጅ መልሰው አወረዱት። የዶዮገናዋ ፈረስ ኮርቻቸው አልነካትም፤ ምልክት የላትም። ጥቁሩን ኮርቻቸው አልነካውም፤ ምልክት የለውም። ኮርቻ ሳይጫንበት ምልክቱን ያወጣ አንድ ፈረስ በልባቸው ፈለጉ። የአባታቸውን ፈረስ አሰቡ፤ የአጎታቸውን አሰቡ። አንድም አላገኙም።

ተነሥተው ኮርቻውን አወረዱ፤ ገልብጠውም ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነሐሱን ሲወለውሉ ኖረው ሥሩን ግን ዳስሰውት አያውቁም ነበር። እጃቸውን ከፊት በኩል ሲሰዱ፣ ባለቀው ቆዳ ሥር የእንጨቱ ጉብታ መዳፋቸውን ወጋቸው።

ይዘውት ወደ ዳማው ወጡ። ኮርቻውን ቀስ አድርገው ከጀርባው በላይ ያዙት። ጉብታው የሚያርፈው እዚያው ነው፤ ነጯ ጠጉር ላይ።

"ፈረስ ቆዳው በኮርቻ ተገጥቦ ሲሽር፣ በቁስሉ ቦታ የሚበቅለው ጠጉር ብዙ ጊዜ ነጭ ነው" አለች ጣቢታ ከኋላቸው፣ በለሰለሰ ድምፅ። "ይህ ኮርቻ ምናልባት ለአያትዎ ፈረስ ጀርባ ልክ ተሠርቶ ይሆናል። ኋላ የመጡትን ግን ሁሉ ገጥቧቸዋል።"

አቶ ኤርጃቦ ሆድ ባሳቸው። "አባቴ እኮ ፈረስ ይወድ ነበር" አሉ። "እሱ ሳይበላ ፈረሱ ይበላ ነበር።"

"ይወዱ ነበር አባባ። መውደዳቸው እውነት ነው፤ ያላወቁት ኮርቻውን ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ አሁን አወቁ።"

"እኔማ ለዚህ ምልክት የቀባሁት ቅቤ ሌላ ቤት ያስተዳድር ነበር" አሉ ወይዘሮ ገነቴ ከበር ላይ ሆነው። "ምልክት ከሆነ ለምን ያመዋል ብል ማን ይሰማኛል?"

አቶ ኤርጃቦ ኮርቻውን አስቀምጠው የዳማውን አንገት አቀፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ሽማግሌዎቹ ዘንድ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ" አሉ። "ሰው ከሚያወራብኝ እኔ ብናገር ይሻላል። የፊት ቦታውን ለሌላ ይስጡት።"

ይህን ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ኮርቻውን ገልብጠው ሲያሳዩ አንዳንዱ ሳቀ፤ ሌላው አዘነላቸው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳመማቸው እሳቸው ያውቃሉ። ብዙዎቹ ግን ማታ ቤታቸው ገብተው በየራሳቸው ኮርቻ ሥር እጃቸውን ሰደዱ።

የትርኢቱ ቀን የሚሻ ፈረሰኞች ያለ እሳቸው ወደ ሆሳዕና ሜዳ ገቡ፤ የፊት ቦታውን የያዘው ሌላ ነበር። አቶ ኤርጃቦ ጣቢታን ሊያግዙ መግቢያው ላይ ከጎኗ ቆመው የመጣውን ኮርቻ ሁሉ ሥሩን ይዳስሱ ነበር። አማቻቸው ሆሴዕ ጀርባዋ ንጹሕ በሆነ ፈረሱ ሲመጣ ኮፍያቸውን አንሥተው፣ "ግባ፤ እኔ ስስቅብህ የኖርኩት በራሴ ነው" አሉት። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ይዞ የመጣ አንድ ሰው ግን ሲመልሱት ተቆጣ።

"እርስዎ ራስዎ ባለምልክቱ ኤርጃቦ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ። በር ላይ የቀረሁትም ለዚያ ነው" አሉት። "ወንድሜ፣ ደንቡ ፈረስህን ሊያሳፍር አልወጣም። ጀርባው ያልታመመ ፈረስ እግሩን ዘርግቶ ይጋልባል፤ ከጌታው ጋርም ብዙ ዓመት ይቆያል። ሁላችን በአንድ ደንብ ከተወዳደርን ደግሞ ያሸነፈው ማሸነፉን ማንም አይጠራጠረውም። ወስደህ አሳክመው፤ ለከርሞ አብረን እንገባለን።"

ዳማው ታክሞ ዳነ፤ አሁን ያለ ኮርቻ መስኩ ላይ ይንጎራደዳል። የአያትየው ኮርቻ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ የነሐስ ጌጡ ግን ተነቅሎ፣ ሆሳዕና ያለ ኮርቻ ሠሪ በጥቁሩ ጀርባ ልክ በሠራው አዲስ ኮርቻ ላይ ተተከለ። ጥቁሩን ለጋሪ መሸጡ ተረሳ።

በዓመቱ ሽማግሌዎቹ የፊት ቦታውን ለአቶ ኤርጃቦ መለሱላቸው፤ ራሱን የመረመረ ሰው ይምራን አሉ። ጥቁሩ ምርመራውን አልፎ፣ የሚሻን ፈረሰኞች እየመራ ሜዳውን ሲዞር አቧራው እንኳ ያማረበት ይመስል ነበር። አስተዋዋቂው መጀመሪያ ጠራው፦ "የኤርጃቦ ቤት ፈረስ!" ሕዝቡ አጨበጨበ። ከጭብጨባው መሐል ግን ከሞርሲቶ የመጣ አንድ ወሬኛ፣ "የኤርጃቦ ቤት ከሆነ ምልክቱ የታለ?" ብሎ ጮኸ።

አቶ ኤርጃቦ ልጓሙን ሳቡ። ሕዝቡ ሁሉ እያያቸው ወረዱ፤ ማሰሪያውን ፈትተው ኮርቻውን ከጀርባው አነሡ። ጣቢታ ከመግቢያው ላይ ሆና ታያቸዋለች። የፈረሱ ጀርባ ላብ ብቻ ነው፤ ከጋማው እስከ ጭራው ጥቁር፣ አንድ ነጭ ጠጉር እንኳ የሌለበት። መዳፋቸውን በዚያ ቦታ ላይ አሳርፈው ጫን አሉት። ጥቁሩ አልሸሸም።

"አያችሁት?" አሉ፤ ድምፃቸው ሜዳውን ሞላው። "ከዛሬ ጀምሮ የኤርጃቦ ቤት ፈረስ ምልክቱ ይህ ነው።"