ለኮራሊ ግድግዳ የሚሆን ነጭ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መምከር ልማድ ሆኖብኝ ሰው ባይጠይቀኝም እመክራለሁ። ይህን የምጽፈው ግን የመከርኩትን ለመናገር ሳይሆን የተመከርኩትን ለማካፈል ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በደሴታችን ትንሿ ከተማ ሁዎንቪል ካለው የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው። የሄድኩት የዶሮ ማጠሪያ ሽቦ ልገዛ ነበር። ከቀለሙ መደርደሪያ በኩል የማውቀው ድምፅ ሲጮህ ብሰማ ሽቦዬን ትቼ ወደዚያው አመራሁ፤ ክርክር ካለበት ቦታ መቅረት አልወድም።

ጎረቤቴ ቨርን ትሪፊት ጋሪውን ጨምድዶ ይዞ ቆሟል። ቨርን ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከወንዙ ዳር እስከ ተራራው ያሉትን ቤቶች ግማሹን የቀባው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጋሪው ላይ አራት ትልልቅ ጣሳ የሚያብረቀርቅ ነጭ የዘይት ቀለም ተጭኗል። ፊት ለፊቱ የልጅ ልጁ ብሪዲ ቆማለች፤ ሆባርት ከተማ የቤት ውስጥ ዲዛይን የምትማር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። የቀለም ናሙና ወረቀቶቹን እንደ ካርታ ተጫዋች በሁለት እጇ ዘርግታለች።

«ዳኛው መጣልሽ!» አለ ቨርን እንዳየኝ። «ና እስቲ መምህር፣ ፍረደን። ነጭ ስንት ዓይነት ነው?»

«እኔ የማውቀው አንድ ነው» አልኩ።

«ሰማሽ? የተማረውም ያልተማረውም አንድ ቃል ተናገረ! በረዶ ነጭ ነው፣ ወተት ነጭ ነው፣ አለቀ። ነጭ ነጭ ነው።»

«እሺ ፖፕ» አለች ብሪዲ ረጋ ብላ፤ ወንድ አያቷን ፖፕ፣ ሴት አያቷን ናና ነው የምትላቸው። «ወተቱን በረዶው ላይ ብታፈሰው ይታያል ወይስ አይታይም?»

ቨርን ጋሪውን ወደ ራሱ ሳበ። «ወተት በረዶ ላይ የሚያፈስ ቂል ማን ነው?»

«አየህ፣ መልሱን ታውቀዋለህ።»

ሲቀልዱ ላያቸው ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አልነበረም። የቨርን ሚስት የኮራሊ ዐይን ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጨርሶ አልጠፋም፤ መሃሉ ተጋርዶባት በዳር በዳር ነው የምታየው። ከሰባት ሳምንት በፊት በገዛ ቤቷ ኮሪደር ስትሄድ፣ በሩ ክፍት መስሏት ከመቃኑ ተጋጭታ ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ልጃቸው ማርሊን ወደ ሆባርት ወሰደቻት፤ በአረጋውያን መኖሪያም ክፍል አገኘችላት። ኮራሊ ግን «መጀመሪያ እሑድ ቤቴ ውሰዱኝ» አለች። «ከመኝታ ቤቴ እስከ ማድ ቤቴ ሳልደገፍ ከሄድኩ እዚያው እቀራለሁ። ካቃተኝ እናንተ ያላችሁት ይሁን።» ሃምሳ ሦስት ዓመት የዘለቀ ትዳር እንግዲህ በአምስት ቀን ቀጠሮ ተንጠልጥሎ ነበር። ቨርን ለሚስቱ ያሰበው ቤቱን እንደ ድሮው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቀብቶ ሊቀበላት ነው።

«የሚያብረቀርቅ ቀለም ይታጠባል» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «የልጅ እጅ ቢነካው፣ የመጥበሻ ጭስ ቢያገኘው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ነው።»

«ለማድ ቤት ይሁንልህ» አለች ብሪዲ። «መኝታ ቤት ውስጥ ማን ይጠብሳል?»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ቨርን ገላመጠኝ።

«ደግሞ የሚያብረቀርቅ ቀለም ብርሃኑን እንዳለ ይመልሰዋል» ስትል ቀጠለች። «ደህና ዐይን ያለውን ሰው ያጭበረብራል፤ ናናን እንዴት ያደርጋት ይመስልሃል? ፈዘዝ ያለ ቀለም ቢሆን ግን ብርሃኑን በትኖ ያለሰልሰዋል። እሱም ቢሆን በስሱ ይታጠባል።»

ቨርን ጢሙን አሻሸና «አንድ ክፍል ልስጥሽ» አለ። «መኝታ ቤቱን። ካማረ ያማረ ነው፤ ካላማረ ግን ይህቺን ወረቀትሽን ሰብስበሽ ብሩሽ ታጥቢልኛለሽ።»

ብሪዲ ከቦርሳዋ ደንበኛ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አወጣችና አነበበችልን፤ «ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ክፍል ፀሐይ ስለሚጠግብ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ይስማማዋል።» የኮራሊ መኝታ ቤት ደግሞ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ልጅቷ ጠብታ ሰማያዊና ጥቁር የገባበት ነጭ አስቀመመች። እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ጎሽ እንደሚል ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስንቀባ ዋልን። ብሪዲ ሮለሩን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ልትጀምር ስትል ቨርን እጇን ያዛት።

«ቆይ እንጂ! ካረጀ አብረቅራቂ ላይ ዝም ብለሽ ብትለቀልቂው እንደ ሙዝ ልጣጭ ይላጥልሻል። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ መያዣ ቅብ ይቀባል፣ ከዚያ ነው የሚያምረው። ይሄንን መጽሐፉ አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም» አለች ብሪዲ፤ ወዲያውም የብርጭቆ ወረቀቱን አነሳች። ልጅቷን የወደድኳት ያኔ ነው። የተማረ ሰው «አላውቅም» ሲል መስማት ደስ ይላል፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ አልሞከርኩትም።

ሐሙስ ጠዋት የመኝታ ቤቱን በር ስንከፍት ክፍሉ ውኃ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀን። ብርዱ ገና ያልወጣበት ወር ነበር፤ ግድግዳው ደግሞ ከብርዱ ብሶ ተገኘ። ቨርን የሹራቡን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ።

«የማቀዝቀዣውን በር ዝጉት፤ ዓሣው ይበላሻል» አለ።

ቀጥሎም ወደ ብሪዲ ዞረ።

«‹የተማረ ይግደለኝ› ሲባል እሰማ ነበር፤ በብርድ መሆኑን ግን አልነገሩኝም!»

ብሪዲ ፊቷ ቀላ። «መጽሐፉ እኮ… ደቡብ ይላል።»

መጽሐፉን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ለንደን ነው የታተመው። ያን ጊዜ የገለበጥነው ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አልኳት፣ «በእነሱ አገር ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። እኛ ግን ከምድር ወገብ በታች ስለሆንን በሰሜን ነው። ይህ ክፍል የቤቱ ጥላ ነው። ፀሐዩን የሚጠግበው ማድ ቤቱ ነው።»

ቨርን አገጩን ይዞ አየኝ። «አንተ ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ነበር ያስተማርከው?»

«ጂኦግራፊ።»

«ለእንግሊዞች?»

የሚገባኝ ነበርና ዋጥኩት። በእኛ ደሴት የኖረ ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ዶሮዎቼ እንኳ ጠዋት ጠዋት በየትኛው በኩል እንደሚሞቁ ያውቃሉ። ግን የተጻፈ ነገር ሲያይ ዐይኑን የሚጨፍን ትውልድ ነን፤ ከእኔ ጀምሮ።

«በቃ!» አለ ቨርን። «ቀልዱ አልቋል። እሑድ ደረሰ። ዛሬውኑ በራሴ ቀለም እጀምራለሁ።»

ብሪዲ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። «ተሳስቻለሁ ፖፕ» አለች። «መጽሐፉን አምኜ ግድግዳውን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ግን አንተም ጠይቀኸው አታውቅም።»

«እኔ ከግድግዳ ጋር አላወራም፤ ገና አልጃጀሁም።»

«እስከ ማታ ብቻ ታገሠኝ። እሺ ካላልክ ጣሳዎችህን ራሴ እከፍትልሃለሁ።»

አምስት ትልልቅ ካርቶን አምጥታ በአምስት ዓይነት ነጭ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባቻቸው። ማጭበርበር እንዳይመስለው ብላ ከጀርባቸው ቨርንን አስፈረመችው። ከደረቁ በኋላ በእኩለ ቀንም፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅም ከክፍል ክፍል እያዞረች ግድግዳው ላይ ደገፈቻቸው። ቨርን መጀመሪያ ጋዜጣውን አልለቀቀም። ቆይቶ መነጽሩን ዝቅ አደረገ፤ በመጨረሻ ተነስቶ ተከተላት።

«ይሄኛው ማድ ቤት ካየነው ጋር አንድ አይደለም» አለ መኝታ ቤት ውስጥ። «እዚያ ቅቤ ቅቤ ይል ነበር፤ ይሄ የወተት ነጭ ነው።»

«ገልብጠው።»

ገለበጠው። የራሱ ፊርማ አለበት። ቨርን ካርቶኑን ይዞ ማድ ቤት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። «ይገርማል» አለ ለራሱ። «ስልሳ ዓመት ቀብቼ!»

«ቀለሙ ያው ነው፤ ብርሃኑ ነው የሚለየው» አለች ብሪዲ። «ማድ ቤቱ የሰሜን ፀሐይ ስላለው ትናንት የተሳሳትኩበትን ቀዝቃዛ ነጭ እዚያ እንጠቀምበታለን፤ አይጣልም። እዚህ ደግሞ ጠብታ ቢጫ ያለበት ይሁን። ኮሪደሩም እንዲሁ።»

«ኮሪደሩን ተይው» አለ ቨርን። «ኮሪደሩ ማብረቅረቅ አለበት። እንግዳ የሚገባው በዚያ ነው።»

ያኔ ብሪዲ የአያቷን መነጽር ከፊቱ ላይ አወለቀች። ከኪሷ የከንፈር ቅባት አውጥታ የሁለቱንም መስታወት መሃል መሃሉን ለቀለቀችና መልሳ አጠለቀችለት። «ከዚህ እስከ ማድ ቤት ሂድ» አለችው።

የምታዘቀዝቀው ፀሐይ በውጪው በር መስታወት ገብታ፣ ቨርን በማብረቅረቁ ይኮራበት የነበረውን የኮሪደር ግድግዳ እንደ ባሕር አንጸባርቃው ነበር። ቨርን ሁለት እርምጃ ሄዶ እጁን ዘረጋ። ግድግዳው ነጭ፣ መቃኑ ነጭ፣ በሩ ነጭ፣ ሁሉም ያብረቀርቃል። በሩን አገኘሁ ብሎ ሲታጠፍ ትከሻው ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። እዚያው ቆመ። 

«ኮራሊ የምታየው እንዲህ ነው?» አለ።

«እንዲህ ነው ፖፕ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ዐይኑንም አብሮ ጠረገ። «እኔ ነኛ የጣልኳት» አለ። «በየሁለት ዓመቱ ላሳምርላት ብዬ እየቀባሁ።»

«አላወቅክም» አልኩት።

«አልጠየቅኩም» አለኝ።

ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረገ። ከኪሱ ስለት አውጥቶ መቃኑን የጥፍር ያህል ፋቀው። ከነጩ ሥር ጥቁር ቡናማ እንጨት ብቅ አለ፤ ከተራራችን የሚወጣው ብላክዉድ ነው።

«በተጋባን በሁለተኛው ዓመት እኔ ነኝ የሸፈንኩት» አለ። «ጥቁር እንጨት ያረጀ ፋሽን ነው አልኳት። ያኔ ለውጥ ፈላጊው እኔ ነበርኩ! ‹እንጨቱን ተውልኝ› ብላ ለምናኝ ነበር።» ወደ ብሪዲ ዞረ። «ነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር መቃን ቢኖር ታየዋለች?»

ብሪዲ እየዘለለች አቀፈችው። «እኔ ግራጫ ቀለም ልልህ ነበር! ያንተ ይበልጣል!»

ዓርብና ቅዳሜ ሦስታችን ሠራን። ቨርን ጭንብል አስሮ፣ አቧራው እንዳይነሳ በእርጥቡ እየፋቀ የኮሪደሩን ሦስት መቃኖች ገለጠ፤ አሮጌው ቀለም ለሳምባ መርዝ ነው ብሎ እኛን አላስጠጋንም። ብሪዲ ኮሪደሩንና መኝታ ቤቱን ፈዘዝ ባለው ሞቅ ያለ ነጭ፣ ማድ ቤቱን በተረፈው ቀዝቃዛ ነጭ ቀባች። አብረቅራቂው ያጋልጠው የነበረው ጎርባጣ ሁሉ የት እንደገባ አናውቅም። እኔ ብሩሽ አጠብኩ፤ ከሆነው ነገር በኋላ የተሰጠኝ ሥልጣን ይህ ነው። ምሳችን የስካሎፕ ፓይ፣ ሊጥ ውስጥ የተጋገረ የባሕር ዛጎል ሥጋ፣ ነበር፤ ቨርን እያፏጨ ሲሠራ ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

እሑድ ማርሊን እናቷን ይዛ መጣች። ፊቷ ሁሉን ነገር የወሰነ ሰው ፊት ነው። የአረጋውያን መኖሪያው ወረቀት ከቦርሳዋ ጫፉ ይታያል። ኮራሊን መኝታ ቤት አስገብተን በሩን ዘጋንና ሁላችንም ማድ ቤት ቆምን። ቨርን የወንበሩን ጀርባ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል።

በሩ ተከፈተ። ኮራሊ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አደረገች፤ በዐይኗ ዳር የምታየው እንዲህ ነው። ከዚያ መራመድ ጀመረች። ፈጥና አይደለም፤ ግን ግድግዳውን አልነካችም። የመታጠቢያ ቤቱን በር አለፈች፤ ወደ ማድ ቤቱ መቃን ስትደርስ ግን ሳትገባ ቆመች። ማርሊን ልትደግፋት ስትል ብሪዲ እጇን ያዘቻት።

ኮራሊ እጇን አንስታ እንጨቱን ዳሰሰችው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብላ።

«ቨርን ትሪፊት» አለች። «ሃምሳ አንድ ዓመት ፈጀብህ።»

«ቀርፋፋ ሠራተኛ ነኝ» አለ ቨርን።

ራሷ ገብታ ተቀመጠች። «ማርሊን፣ ሻንጣዬን ከመኪናው አምጪልኝ» አለች። ማርሊን እናቷን አየቻት። ከዚያ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ወደ ታች ገፋ አድርጋ ወጣች፤ ስትመለስ ሻንጣውን ይዛ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን ልታስቀባ ስታስብ ይህችን ያዝልኝ። ነጩን ከሱቅ መብራት ሥር አትምረጠው፤ ካርቶን ላይ ቀብተህ ቤትህ አምጣው፤ ጠዋትም ማታም እየው። ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ሞቅ ያለውን፣ ፀሐይ የሚጠግበው ቀዝቀዝ ያለውን ይወዳል። ማብረቅረቁን ውኃና ጭስ ላለበት ቦታ ተወው። ከሁሉ በፊት ግን ግድግዳውን በየቀኑ የሚያየው ማን እንደሆነ ጠይቅ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ቨርንን ግን መከራው ሳይጨርሰው የልጅ ልጁ ደረሰችለት።

ከሳምንት በኋላ ቨርን በሬን አንኳኳ። አምስቱን ካርቶኖች በብብቱ ይዟል። ሳይጠየቅ ገብቶ ሳሎኔ መሃል ቆመና ግድግዳዬን ከላይ እስከ ታች ታዘበው።

«መምህር፣ ይሄ ክፍል ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ደቡብ።»

«ታዲያ ፀሐይ ይጠግባል ወይስ አይጠግብም?»

«አይጠግብም» አልኩ።

«ጎሽ!» አለና ሞቅ ያለውን ነጭ ግድግዳዬ ላይ ደገፈው። «ገና ትማራለህ።»