የለቅሶው ዳስ እንጨት

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ጎኑ ያሉትን አሮጊት ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ያ ጫካ የቤተ ክርስቲያን ነው?»

«የቀበሌያችን ነው ልጄ። ድሮ ራቁቱን የቀረ ተራራ ነበር፤ የክልል ምክር ቤት ተመራጫችን ናቸው ከከብትና ከመጥረቢያ ያስከለሉት።»

«ሰው እሺ አለ?»

«ምን እሺ ይላል! ሁለተኛ አንመርጥዎትም አልናቸው። ኋላ እናታቸው ሞቱ። እድርተኛው ለለቅሶው ዳስ እንጨት ሊቆርጥ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ሮጠው ደረሱና ‹ለእናቴም ቢሆን አይቆረጥም› አሉ።»

«ዳሱስ በምን ቆመ?»

«የገዛ አጥራቸውን ነቅለው ሰጡን።»

«እግዚኦ! ግቢያቸው እንዲሁ ቀረ?»

«ምን ሲደረግ! መልሰን መረጥናቸው፤ ግቢውንም ዙሪያውን ችግኝ ተክለን አጠርንላቸው።»

ለአቧራው ብዬ የዘጋሁትን መስኮት ከፍቼ፣ ተራራው ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ አየሁት።