ሀሊሞን ባሕሩ ለምን ወሰዳት?

ድሬዳዋ፣ የካቲት 1997 ዓ.ም.፤ ሶማሊያ ጠረፍ ላይ ከሱናሚ ተርፋ የተመለሰችው ይርገዱ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፤ ታናሽ እህቷ ሙላቷ ለጉባኤ ለብሳ ከፊቷ ቆማለች።

ይርገዱ፦ አልሄድም አልኩሽ እኮ! በአማርኛ ነው የነገርኩሽ!

ሙላቷ፦ እታለም፣ አንዴ ብቻ። መድረኩ ላይ ትወጫለሽ፣ «ባሕሩ ኃጢአተኞቹን ሲውጥ እኔን እግዜር አወጣኝ» ትያለሽ፣ ትወርጃለሽ። በቃ።

ይርገዱ፦ ማነው ኃጢአተኛው?

ሙላቷ፦ እኔ ነኝ እንዴ ያልኩት? ሰባኪያችን ናቸው። ባሕር ዝም ብሎ አይነሳም፣ የቁጣ በትር ነው አሉ።

ይርገዱ፦ እሳቸው ባሕር አይተው ያውቃሉ?

ሙላቷ፦ በመጽሐፍ።

ይርገዱ፦ እኔ በአፌም በአፍንጫዬም ነው ያየሁት። ከባሕሩ በታች ምድር ተናውጦ ነው፤ እዚያ ኢንዶኔዥያ። ውሃው ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጦ እኛ እስካለንበት የሶማሊያ ጠረፍ፣ ሀፉን ድረስ መጣብን። የታከምኩበት ድንኳን ውስጥ ሬዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ሙላቷ፦ ምድሩንስ ማን አናወጠው?

ይርገዱ፦ ድሮ ፖርቱጋልም ተናውጦ ነበር አሉ። ያውም በቅዱሳን በዓል፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሲያስቀድስ! ከሚፈርሰው ሕንፃ አምልጦ ባሕር ዳር የቆመውን ደግሞ ማዕበሉ ጠረገው። ለእነሱስ ምን ስም አወጡላቸው ሰባኪሽ?

ሙላቷ፦ እኔ ምን አውቄ…

ይርገዱ፦ ሌላ ጊዜ ደግሞ ደሴት ላይ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነው ውሃውን ያስነሳው። እሳት ጸሎተኛና ሌባ ይለያል?

ሙላቷ፦ ታዲያ አንቺ እንዴት ተረፍሽ? እሱን ንገሪያቸው!

ይርገዱ፦ ሰው አትርፎኝ ነዋ! ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ዓሣው አሸዋ ላይ ይንፈራገጣል። ሰው ሁሉ ሊለቅም ሮጠ፣ እኔም ጭምር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ያቺ አከራዬ ፀጉሬን ይዛ ጎተተችኝ።

ሙላቷ፦ ጠንቋይዋ?

ይርገዱ፦ ሀሊሞ! እየሰደበች፣ እየገፋች የውሃ ማጠራቀሚያው ማማ ላይ ሰቀለችኝ። «አንቺም ውጪ!» አልኳት። አሮጊት እናቷ ቤት ነበሩ፤ ተመለሰች። ከዚያማ ቤትም የለ፣ ሀሊሞም የለች። ጭቃ ብቻ… ቆይ ቆይ። ምን አልሽ አሁን?

ሙላቷ፦ ምንም።

ይርገዱ፦ ጠንቋይ አልሽ። ማን ጠንቋይ አላት?

ሙላቷ፦ እታለም፣ አትቆጪ…

ይርገዱ፦ ሙላቷ!

ሙላቷ፦ ባለፈው እሑድ እምቢ ስትይ ጊዜ፣ በአንቺ ፈንታ ወጣሁ። አከራይዋ ጠንቋይ ነበረች፣ እህቴ ላይ መተት ልትሠራ ስትል ባሕሩ ወሰዳት አልኩ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። መዘምራን ውስጥም አስገቡኝ።

ይርገዱ፦ እልል አሉ? ለሀሊሞ ሞት? ኤጭ! ዞር በይልኝ! የዚያን ቀን የዋጥኩት ጭቃ እንኳን እንዲህ አልመረረኝም።

ሙላቷ፦ ሞታለች፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው። አሁንማ ምን ይደረጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ…

ይርገዱ፦ ዓሣ ያልጨረሳትን አንቺ በላሻት! በይ ነጠላዬን አቀብዪኝ።

ሙላቷ፦ ልትመጪ ነው? ልትመሰክሪልኝ?

ይርገዱ፦ እኔ ትንፍሽ አልልም፤ መዋሸትሽን የምትናገሪው አንቺው ነሽ። አጠገብሽ ቆሜ አይሻለሁ። አፍሽን ያቆሸሽሽው እዚያ ነው፤ የምትጉመጠመጪውም እዚያው ነው።