ባላሮን በእግር፣ ባላሮን በአፍ

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ጋስፓሬ! ዕድሜህ ረጅም ነው፣ አሁን ላንተ ልደውል ስል! ... ቆይ አንዴ። ቪቶ! ያን ቴሌቪዥን ቀንስልኝ፣ ወንድሜ ነው ከቶሪኖ! ... እሺ፣ አሁን ትሰማኛለህ?

— ተቀምጫለሁ። እግሬን ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ። ጠዋት የወጣሁ አሁን መግባቴ ነው።

— ምን? ... የቱን ክፍል? ... አይ አንተ ልጅ! አልጋውንም አነጠፍክ? ... ጋስፓሬ፣ ስማኝማ። ብያለሁ፣ አልካድኩም። «ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሥራ አጥቻለሁ፣ ይሄ ቱሪስት ባላሮ ገበያ ውስጥ እያዞሩ ማብላት ካልሆነልኝ የእናታችንን ቤት ዘግቼ ከነባሌ አንተ ዘንድ እመጣለሁ» ብዬሃለሁ። ግን ካልሆነልኝ ነው ያልኩት። ... ሆነልኝ! ሆነልኝ ነው የምልህ!

— አትቸኩል፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አጀማመሩማ ውርደት ነበር። እንግዶቼን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተቀበልኳቸው። ጀርመኖች፣ ሆላንዶች፣ አንዲት ረጅም ሴትዮ ከዴንማርክ። ያጠናሁትን ንግግር ልጀምር ስል ... ጠፋ! አንድ ቃል እንኳ! ... በእንግሊዝኛ ነዋ፣ የማታ ትምህርቱን ለምን ነበር የተማርኩት?

— እሱስ ደህና። ዶን ካሎጄሮን ታስታውሰዋለህ፣ የጣፊያ ዳቦ የሚሸጠውን? ... አለ እንጂ፣ ምን ይሆናል! እንግዶቹን ይዤ ድስቱ ጋ ስደርስ ጀርባውን ሰጠኝ። «እንደ ዝንጀሮ ፎቶ አንስተውኝ ይሄዳሉ፣ አንዱም አይቀምስ። ለነዚህ አልሸጥም!» አለ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ። ያቺ ረጅሟ ደግሞ የጣፊያው እንፋሎት ሲደርሳት አፍንጫዋን ያዘች። ... ያኔማ ሻንጣዬ ታየኝ፣ ጋስፓሬ። የቶሪኖ ጉም ዓይኔ ላይ መጣ።

— ገና ነው፣ ገና። በዚህ መሃል አንድ የጉዞ ድርጅት አስጎብኚ፣ ቀጭን ልጅ ነው፣ ማይክሮፎኑን አንጠልጥሎ፣ ባንዲራ ይዞ፣ ሰዎቹን አሰልፎ መጣ። «ሲኞራ፣ መንገድ ይልቀቁልን» አለኝ። ... እኔን! ባላሮ ተወልጄ ያደግኩትን!

— ምን አደርጋለሁ? ደሜ ፈላ! ዓሣ ነጋዴው አጠገብ የነበረውን ባዶ ሣጥን ገለበጥኩና ወጣሁበት። ... አዎ፣ በዚህ ጉልበቴ! እንግሊዝኛውን ተውኩት። አባባ ዓሣ ሲሸጥ እንደሚጮኸው ... አዎ፣ እንደዚያ፣ እያዜምኩ ... ለቀቅኩት! «ኑ ብሉ! ባሕሩ እዚህ ነው፣ እሳቱ እዚህ ነው! ያልበላ ሰው ባላሮን አየሁ አይበል!» ... አባባ ከተቀበረ ወዲህ ያን ጩኸት የሰማ የለም። ከዚያ ወይራ ሻጯ ተቀበለችኝ፣ ከዚያ ዓሣ ነጋዴው፣ ከዚያ ሁሉም። ግድግዳው ጮኸ ነው የምልህ!

— ... ሄሎ? ጋስፓሬ? አለህ? ... ታለቅሳለህ እንዴ? ... እሺ፣ ጉንፋን ነው። እሺ።

— ዶን ካሎጄሮማ ዞረ! ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «የአባትሽ ድምፅ ነው፣ አንቺ ልጅ» አለኝ። ዳቦውን ሰነጠቀ፣ ጣፊያውን ሞላበት፣ ሎሚ ጨመቀበትና ለዚያች ለረጅሟ በገዛ እጁ ሰጣት። ... አዎ፣ አፍንጫዋን ለያዘችው! ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን። ገመጠች ... አኘከች ... ከዚያ እጇን ዘረጋች። ጨምርልኝ ነው የምትለው! ጭብጨባውን ብትሰማ፣ የኛው የፓሌርሞ ቡድን ጎል ያገባ ነው የሚመስልህ።

— ዋናው አልመጣም። የዚያ የቀጭኑ ሰዎች ሰልፉን እየለቀቁ አንድ በአንድ ወደ እኔ! ... እውነቴን ነው! ቪቶ፣ አንተም ነበርክ፣ አልመጡም? ... ይኸው «አንድም አልቀረ» ይልሃል። የሽምብራ ጥብሱ አለቀ፣ የሩዝ ኳሱ አለቀ፣ አይብ የተሞላው ጣፋጭ ካኖሊም ተጠርጎ ተበላ። ልጁ ከነባንዲራው ብቻውን ቀረ። ... አልሰደብኩትም! አሳዘነኝ። ቅቅል ኦክቶፐስ በሎሚ ሰጠሁት። ... በላ እንጂ! ጣቱን ላሰ። «ነገም በዚህ ባልፍ ይቀየሙኛል፣ ሲኞራ?» አለኝ። አየህ፣ ዛሬ መንገድ የምጠየቀው እኔ ነኝ!

— ክፍሉ? ... ለልጅህ ስጠው። እኔ የትም አልሄድም። ... አይ፣ አልተቆጣሁህም። «ያንን ያረጀ ሰፈር ማን ሊያይ ይመጣል» ስላልከኝም አልተቀየምኩህም። ... ሚስትህን ይዘህ ና፣ ራስህ ትቀምሳለህ። ... እንደ እንግዳ ነዋ! ተሰልፈህ!

— ቆይ ... ቪቶ፣ ታች የሚጮኸው ማን ነው? ... ምን? ... ቅድስት ሮዛሊያ ድረሺልኝ! ጋስፓሬ፣ ስልኩን ወደ መስኮቱ ላድርግልህ ... ሰማህ? ወይራ ሻጯና ዓሣ ነጋዴው ናቸው። ነገ እንግዶቹ መጀመሪያ ማን ጋ ይቁሙ ብለው ተያይዘዋል! ... አዎ፣ በኔ እንግዶች! ... መጣሁ! አትጋደሉ፣ ሁለታችሁም ጋ አመጣቸዋለሁ! ... ቪቶ፣ ፎጣ አቀብለኝ። ... በል ወንድሜ፣ ባዶ እግሬን መውረዴ ነው፣ ሳይፈነካከቱ ልድረስ። ቻው፣ ቻው!