እሩምታ፤ ምንጩ ያልታወቀ

ጋሼ፣ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ ብቻ ሳያርሙን ያዳምጡን።

እዚህ መዝገበ ቃላት ክፍል የገቡ ዕለት አለቃችን “ይህ ወንበር የእርስዎ ነው” ቢሉዎት፣ “ከየት የመጣ ነው?” ብለው ጠየቁ። ትሑት ሰው መስለውን ነበር። ለካስ ምንጩን ሳያጣሩ አይቀመጡም! በዚያው “አባ ምንጩ” ሆነው ቀሩ።

ሐሜት ይዘንልዎት ስንመጣ “ማን አለ? መቼ አለ?” ይሉናል፤ ሐሜቱ እጃችን ላይ ይሞታል። የልጄን የልደት ካርድ እንዲፈርሙበት ብሰጥዎት በቀይ እስክሪብቶ አርመው መለሱልኝ። እስከ ዛሬ ስምዎ ሲጠራ ደብተሯን ትደብቃለች።

ከሁሉም ግን እሩምታ! ሁለት መስመር ይበቃዋል ብለን የሰጠንዎት ቃል ስንት ክረምት ፈጀ። ፍቺውን በአንድ ጠዋት ጨረሱት፤ ብዙ ጠመንጃ በአንድነት ሲተኮስ የሚወርድ የጥይት ውርጅብኝ ነው። ምንጩ ላይ ግን ተቸነከሩ። አንዱ ድምፁን አስመስሎ የወጣ ነው አለ፣ ሌላው ወታደር የፈጠረው ነው አለ፣ አለቃችን ደግሞ ከባሕር ማዶ አስመጡት። እርስዎ ለሁሉም “ማስረጃው?” ብቻ ነበር መልስዎ። እሩምታው የተተኮሰበት ጦርነት ራሱ ይህን ያህል አልቆየም እያልን ስንስቅብዎት ከረምን።

ባለፈው ሰሞን፣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል፣ አንዱን ግምት ቢጽፉ ምን አለበት አልኩዎት። መነጽርዎን አወለቁ።

“ልጄ፣ ትርጉሙን በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ታላቅ ወንድሜን ያጣሁበት ድምፅ ነው። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም። በማላውቀው ብዋሽ፣ የማውቀውንም አያምኑኝም” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቃል አልቀለድኩም፤ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ፣ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። አላውቅም ማለት እንደማያሳፍር ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ከነገ ጀምሮ በወንበርዎ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ስጋትዎም አይጠፋኝም። እርስዎ በበር ሲወጡ ግምቱ በመስኮት እንዳይገባ ነው።

እንግዲህ ብርጭቆ እናንሳ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ የልጅ ልጆችዎ እስኪያደክሙዎት ይጫወቱብዎት። ይህንን ደግሞ የምንጠጣው “ምንጩ አልታወቀም” የሚለው፣ ጋሼ እንደጻፉት፣ ሳይነካ እንዲታተም ነው። ያልተስማማ ብርጭቆውን ያስቀምጥ።

አለቃችን፣ የእርስዎም ተነስቷል። ሁላችንም አይተናል። በሉ እንጠጣ።